አከራዬ መጥረቢያውን ለምን ወደ ቤት አስገቡ?

ቀሐ ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል ከአከራዬ ከአያ ታከለ ክፍል የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበሩ። ኋላ ግን ሰላምታዬን በሩቁ መመለስ ጀመሩ፤ ከደጅ የማይነሳውን የእንጨት መፍለጫ መጥረቢያም ክፍላቸው አስገቡት። ስወጣ ስገባ በበራቸው ስንጥቅ ያዩኛል። "ይህ ሽማግሌ ምን አስቦልኛል?" እያልኩ በሬን በቀንም መቀርቀር ያዝኩ። ሲያስሉ እንኳ ለሌላ ሰው ምልክት የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አያ ታከለ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቆመዋል። "ልጄ፣ ገደል የሰደድከው ሰው ማነው?" አሉኝ አያ ታከለ። ለካ ለተማሪዎቼ ላነብላቸው በገዳዩ አንደበት የጻፍኩትን አስፈሪ ልብ ወለድ ጮክ ብዬ ስለማመድ በግድግዳው ይሰሙኝ ኖሯል። ገዳዩ የፈጠርኩት ሰው እንደሆነ ነግሬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ቄሱ አንብበው ሳቁ። አያ ታከለ ግን አልሳቁም።

"ይሁን፣ አምኜሃለሁ" አሉኝ። "ግን ቤቴን ልቀቅልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ አውጥቶ ከሚያስብ ሰው ጋር ግድግዳ ተጋርቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።"