የተንጠለጠለው ዳሞታ

እትዬ ሙሉመቤት፣ እንደምን ዋሉ? ዝናቡ አልያዘዎትም? የእኛ ጓሮ ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ የተከልነው ቦይና፣ ጎደሬው፣ ግን ወዶታል። ከገበያ ነው? ውይ፣ አዲስ ጫማ… ዘለበቱ ብቻ ያጠግባል። ለእርስዎ ግን ትንሽ አይጠብም? እሺ፣ አልጠየቅሁም።

ጫማውን ሳይ ትምህርት ቤታችን ትዝ አለኝ። ሰምተዋል አይደል? አዲሱ የሥዕል መምህራችን፣ መምህር ኤርሳዶ፣ ከክፍላችን አንድ ሥዕል መርጠው አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ሊወስዱ ነው፤ የሳለችውም አብራ ትሄዳለች። የማን ልጅ እንደሆነች አልነግርዎትም። ሰው በስሙ ማንሳት አልወድም። ብቻ ለመንገዱ አዲስ ጫማ ሳይገዛላት አይቀርም። ጠረጴዛችን አንድ ነው፤ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ጎበዝ ናት። አንገቷ ደግሞ ረጅም ነው…

እኔማ የሳልሁት ተራ ነገር ነው። ከታች ጎጆ፣ ከጎኑ እንሰት፣ ከበላዩ የዳሞታ ተራራ። እሷም ጎጆ፣ እንሰትና ዳሞታ ሳለች። ሶዶ ተቀምጦ ሌላ ምን ይሳላል? ልዩነቱ፣ የእሷ ዳሞታ እንደ ላም ጡት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጎጆው በጣሪያው ቆሟል፤ እንሰቱ ሥሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል… ይቅርታ እትዬ፣ መሳቄ አይደለም፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው።

መምህሩማ ተደነቁ። ግድግዳ ላይ ሰቅለው ስለ መስመሩ፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ሚዛኑ ሲያስረዱ ደወሉ እንኳ አልተሰማቸውም። ዘመናዊ ሥዕል ይህ ነው አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ ያየሽውን ብቻ ነው የሳልሽው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሷስ? እሷም ያየችውን ነው የሳለችው… ግን ከተቀመጠችበት በኩል። ሰው ከተቀመጠበት ሆኖ አይደል የሚያየው?

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ከብሩሼ ቀይ ጠብታ አምልጦኝ ጎጆው አጠገብ ወደቀ። አፈርሁ፤ እሷ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ምንቃርና እግር ቀጥዬ ዶሮ አደረግሁት። የእሷም ሥዕል ላይ፣ እዚያው ጎጆ አጠገብ፣ ቀይ ጠብታ አለ። ምንቃር የለው፣ እግር የለው። መምህሩ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው አሉት። ሁለት ብሩሽ እንዲህ ሲዋደድ አይተው ያውቃሉ? ከሩቅ ችሎታ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለካ ይህ ነው።

እኔ ቅር አላለኝም። አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ እመጣለሁ ብዬ ልኬባት ነበር፤ ለመንገዱም ቆሎ ቆልቼ ነበር። ቆሎውን እዚሁ እየቆረጠምሁት ነው… ጥርስ ያጠነክራል ይባላል።

እሷን እዚያ በዳኞች ፊት ሌላ ሥዕል ያስሏታል አሉ። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ለብቻዋ ጠረጴዛ ተሰጥቷት። ለብቻዋ… እንዴት ያለ ክብር ነው እትዬ?

እንግዲህ ጫማው ጭቃ ሳይነካው ይግቡ። ያቺን ልጅ ምናልባት ቤትዎ አካባቢ ካገኟት ምርቃቴን ያድርሱልኝ። እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት፣ እጇን ይባርክላት፣ ዓይኗን ይጠብቅላት። የትም ብትቀመጥ፣ ፊት ለፊቷ ጎበዝ ሰዓሊ አያሳጣት።