የማሙሽ እትብት

(የመሪው የትውልድ ቦታ ወይራ አምባ፤ ነገ መሪው ሊጎበኟት ነው። ከዋና ከተማ የመጣው የጉብኝቱ አሰናጅ ይታገሱ፣ አሮጊቷን ገበሬ እማማ ብርነሽን ገብስ ማሳቸው ዳር አቁሞ ይሟገታል።)

ይታገሱ፦ እማማ፣ ይሄን ያህል ምን ያነታርከናል? የክቡርነታቸው እትብት የተቀበረበትን ቦታ ያሳዩኝና ልሂድ።

እማማ ብርነሽ፦ አሳይቻለሁ እኮ። ያውና፣ በረቱ ጀርባ። እንግዳ ሁሉ ለበረከት እያለ አፈሩን በፌስታል ዘግኖ የሚሄደው ከየት መሰለህ?

ይታገሱ፦ በረቱ ጀርባማ አይደለም። ወንድማቸው ማሳው ውስጥ ነው ብለውናል።

እማማ ብርነሽ፦ ወሬኛ! የሱ ምላስ መቼ ያርፋል።

ይታገሱ፦ ታዲያ በረቱ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?

እማማ ብርነሽ፦ አህያዬ የምትንከባለልበት ነው።

ይታገሱ፦ እማማ! እኔ እኮ አምና ዘግኜ ወስጄ ቡፌ ላይ በብርጭቆ አስቀምጬዋለሁ!

እማማ ብርነሽ፦ አይዞህ፣ ደህና አህያ ናት።

ይታገሱ፦ ቀልዱን ይተዉት። ነገ ራሳቸው መጥተው እትብቱ ላይ ለሚቆመው ሐውልት የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣሉ።

እማማ ብርነሽ፦ ማሙሽ ራሱ ሊመጣ ነው?

ይታገሱ፦ ኧረ ቀስ ይበሉ! እሳቸው ማሙሽ ይባላሉ እንዴ?

እማማ ብርነሽ፦ ጡቴን ነክሶ ሲያስጮኸኝ «ክቡርነትዎ ይተዉኝ» ማለት ነበረብኝ? እናቱ ወተት አልወርድ ብሏት ያጠባሁት እኔ ነኝ።

ይታገሱ፦ እንግዲያማ ደስ ሊልዎት ይገባል! ይስሙኝ፤ ቦታው ካልታወቀ ማሳው በሙሉ ይታጠር ተብሏል። ካሳዩኝ ግን አንድ ጥግ ተቆፍሮ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ገብስዎ አይነካም። ለእርስዎ ብዬ ነው የምለፋው።

እማማ ብርነሽ፦ ማሳውን ውሰዱት።

ይታገሱ፦ ምን አሉ?

እማማ ብርነሽ፦ ገብሱንም በረቱንም ውሰዱ። ማሳው መሃል ያለችውን ያቺን ወይራ ብቻ እንዳትነኩብኝ።

ይታገሱ፦ ወይራዋን? ወይራዋ ሥር ነው ማለት ነው!

እማማ ብርነሽ፦ ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ይታገሱ፦ ማሳውን ሰጥተው ምን ሊበሉ ነው? ለአንድ ዛፍ?

እማማ ብርነሽ፦ ለዛፉ አይደለም። ማሙሽ በተወለደበት ሳምንት እኔም ይበልጣልን ወለድኩ። ከአራስ ቤት ስወጣ የሁለቱን እትብት በገዛ እጄ በአንድ ጉድጓድ ቀበርኩ፤ አይለያዩ ብዬ።

ይታገሱ፦ ይበልጣል... ያ ዘመተ የተባለው ሚሊሻ ልጅዎ?

እማማ ብርነሽ፦ ማሙሽ በሬዲዮ «ወንድሞቼ ተነሱ» ሲል፣ «እኔን ነው የጠራኝ» ብሎ ሄደ። መርዶው መጣ። ሬሳው አልመጣም።

ይታገሱ፦ ነፍስ ይማር፣ እማማ። አላወቅኩም ነበር።

እማማ ብርነሽ፦ ሰው የልጁ መቃብር ላይ ሄዶ ያለቅሳል። እኔ ወይራዋ ሥር ነው የማለቅሰው። ከልጄ የቀረችኝ ያቺው እትብት ናት። እሷም ላይ ሲሚንቶ ይፍሰስባት?

ይታገሱ፦ አንጀቴን በሉት። ግን እኔ ምን ልበል? ነገ ከመኪናቸው ወርደው «ቦታው የት ነው?» ሲሉኝ...

እማማ ብርነሽ፦ አንተ አትጨነቅ፣ ልጄ። ወደ እኔ ላከው። እኔ እትብቱን የት እንደቀበርኩ አሳየዋለሁ፤ እሱም ልጄን የት እንደቀበረው ያሳየኝ።