አቶ ሃፍሊዲ እና የአባታቸው ወንበር

አቶ ሃፍሊዲ ኦርምሶን ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኦርሙር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳልቮር፣ እዚሁ ስካልቪክ መንደር፣ ከባሕሩ ዳር ባለው የሣር ክዳን ቤት በመጋቢት ወር ተወለዱ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በመንደሩ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እንጨት መጥረብን እና ለምድሪቱ ጠባቂ መናፍስት ከትልቁ ድንጋይ ሥር ወተት ማፍሰስን ግን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አቶ ኦርሙር ማንንም ሳይነኩ ወተታቸውን ያፈስሱ ነበር።

አቶ ሃፍሊዲ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ቀሩ። አስከሬናቸው ቀርቶ ከጀልባቸው አንዲት ሳንቃ እንኳ አልተገኘችም።

አቶ ኦርሙር በያዙት፣ ከክርስትና በፊት በነበረው በጥንቱ እምነት፣ አባት ሲሞት ወራሹ ከአባቱ ወንበር ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት በቢራ የተሞላ ቀንድ ሲሰጠው ይነሣል፣ የሟቹን ስም ጠርቶ ቃል ይገባል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የእሱ ነው። አቶ ሃፍሊዲ ግን አልጠጡም። እናታቸው ቢለምኗቸው፣ «እማዬ፣ ከጠጣሁ እኮ ሞተ ማለት ነው» ብለው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ምሳና እራታቸውን እዚያው በርጩማ ላይ በሉ።

ሥራቸው ጀልባ መጠገን ነበር፤ በዚህ ዳርቻ እጃቸው ያላረፈበት ጀልባ የለም። የጥንቱ እምነት ማኅበር በሀገሩ ሕግ ሲታወቅም የመንደራችን ካህን ሆነው የበጋና የክረምት መግቢያውን ግብዣ መሩ፣ ስንቱንም ወራሽ ቀንድ እያስጨበጡ በአባቱ ወንበር ላይ አስቀመጡ። በሠላሳ ዓመታቸው ያገቧቸው ወይዘሮ ኢስገርዱር ይህን አይተው ዝም የሚሉ አልነበሩም።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰውን አባት ሁሉ ትሸኛለህ፤ የራስህን ግን በር ላይ አቁመህ!»

«በር ላይ ከቆመማ ክፈቺለታ።»

ወይዘሮዋ ስቀው ያልፉ ነበር፤ ሆኖም እስኪሞቱ ድረስ የቤታቸውን በር አንድ ቀን ቆልፈውት አያውቁም።

ባለፈው ክረምት የአቶ ሃፍሊዲ ሳንባ ታመመ፤ ሐኪሞቹም ከበጋው መግቢያ ብዙ እንደማያልፉ ተናገሩ። የራሷ ጀልባ ካፒቴን የሆነችው አንድያ ልጃቸው ሃልቤራ መረቧን ጥላ መጣች።

«አባዬ፣ ሳትቀመጥበት ከሄድክ እኔ ምኑን እወርሳለሁ? እኔ ደግሞ ሁለት ሰው በር ላይ ላቁም?»

  በአራተኛው ቀን አቶ ሃፍሊዲ፣ «ቢራ አለ?» አሉ።

በበጋው መግቢያ ዕለት ጎረቤቶች ሁላችን ተሰበሰብን። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀንዱን ተቀበሉ፤ ቀንዱ ዘንበል ብሎ ቢራው እጅጌያቸውን ቢያርሰውም ልጃቸው ልትደግፋቸው ስትል በዐይናቸው ከለከሏት። ብቻቸውን ተነሡ። «አባቴ ኦርሙር» አሉ፤ ለመተንፈስ ቆም ብለውም፣ «ከእንግዲህ አልጠብቅህም። አንተ ጠብቀኝ» ብለው ጠጡ።

ከዚያም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጠበባቸው። ክርናቸውን ወዲያና ወዲህ ቢያደርጉም አልሆነም። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ግዙፍ ሰው ነበር።

«ቀጭን ነበር ለካ» አሉ። «አርባ አንድ ዓመቱ እኮ ነበር። ልጅ ነበር።»



በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ እዚያው ወንበር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ልጃቸውን ሃልቤራንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ዛሬ ከዚህ ከመቃብራቸው ጉብታ ስንመለስ ሃልቤራ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ እኛም ከአጠገቧ አንለይም።

የባሕር እመቤት ራን ሆይ፣ አቶ ኦርሙርን የሰጠሙትን ከምትቀበዪበት አዳራሽሽ ደጅ ድረስ አውጪልን። ልጃቸው ከእሳቸው አርጅተው ይመጣሉና ሽበቱ አያሳስታቸው፤ በድምፃቸው ይወቋቸው። የአቶ ሃፍሊዲም ነፍስ ከመጠበቅ ትረፍ።