ለቤዛ የቀዳሁት ውሃ

ከጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሸምቼ ስገባ፣ አስረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ቤዛ ጓዳ ሆና ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ አልሰማት መሰላችሁ! «ኃይሌን ደብቄ የኖርኩት ይበቃል፤ ነገ በንግሥቲቱ ላይ እናምፃለን» ትላለች። የምን ኃይል? የምን አመፅ? ደግሞ ግድግዳችን ከጎረቤት ጋር አንድ ነው! እንዳልሰማ ሆኜ በዓይነ ቁራኛ ስጠብቃት ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምስ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረብኩላት።

«ጠጪ የኔ ልጅ፣ ለጤና ጥሩ ነው።»

ብርጭቆውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ጠበል ነው አይደል?»

ክው አልኩ። ይኸው፣ ታውቃለች! «ማን ነገረሽ?»

«አቦ እማዬ! መቼ ነው በባዶ ሆዴ ውሃ አጠጥተሽኝ የምታውቂው?»

የሰማሁትን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ለካ ለጓደኛዋ ልብ ወለድ ነው ስታነብላት የነበረው፤ የተከታታዩን ሦስተኛ ክፍል። ቦርሳዋን አንግታ ከወጣች በኋላ ግን አንገቷን በበሩ መለስ አደረገች።

«ንግሥቲቱም ኃይል ያላቸውን ልጆች የምትለየው እንዳንቺው ውሃ እያጠጣች ነው።»

ብርጭቆው እንደሞላ ቀረ። ጠበል አይደፋ ነገር፣ ራሴ ጨለጥኩት።