በሁለት አዳራሽ የተቀመጠችው

ውይ እህቴ፣ መጋረጃውን ቀየራችሁት እንዴ? ክፍሉ ፈክቶልሻል! እንግዳ መቀበያ እንዲህ ሲያምር ሰው መሄድም አይፈልግ። እስቲ ትንሽ ልቀመጥ... ሻይ ካለም አልጠላም። እግሬ ገና ከዚያ የቴክኖሎጂ ጉባኤ አልተመለሰም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከገለጻ ገለጻ ስሮጥ!

እንዴት ነበር ማለትሽ አይቀርም። ድንቅ ነበር! ሁለት አዳራሽ፣ በየበሩ ባጅ የምታነብ ማሽን። ባጅሽን ታስነኪያታለሽ፣ ጢጥ ትላለች፣ በቃ ተምረሻል ማለት ነው። ሰውየው ይግባ፣ ባጁ ይግባ፣ እሷ ምን ቸገራት?

እኔማ አንዱም ከብዶኝ ነበር። የጠፋ መረጃ እንዴት እንደሚመለስ ስማር፣ ጎን አዳራሽ ያለው የመረጃ ደህንነት ያመልጠኛል። ምን ላድርግ፣ ፈጣሪ አንድ አካል ነው የሰጠኝ። አንዳንድ ሰው ግን... አቤት መታደል! ስም አልጠራም። ከዚህ መከለያ ጀርባ ትቀመጥ፣ ሌላ ቦታ ትቀመጥ፣ ጎበዝ ጎበዝ ነው።

ድምፄ በዛ እንዴ? ታዲያ ሙገሳ በሹክሹክታ ይነገራል?

መጀመሪያ ቀን ባጇ ጠፋባት፣ ምስኪን። ሌላ አተሙላት። ከሰዓት በኋላ የጠፋው ከቦርሳዋ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይመልሳል አይደል? እሷ ግን ለሰው ታስባለች። አንዱን ለእኔ፣ "የኔ እናት፣ ስትገቢ የኔንም አስነኪልኝ፣ ተከትዬሽ መጣሁ" ብላ ሰጠችኝ። ሌላውን ጎን አዳራሽ ለሚገባው ለሒሳብ ክፍሉ ወንድማችን። እኔ እዚህ ጢጥ፣ ጢጥ። እሱ እዚያ ጢጥ፣ ጢጥ። አንዳችን የሌላችንን አናውቅ! እሷማ ኤግዚቢሽኑ ጋ ናት፣ ነፃ ጃንጥላ የሚያድሉበት። ከእንግዲህ ዝናብ ራሱ ይፈራታል! ሮቦቱን አቅፋ የተነሳችውን ፎቶ አይተሻል? ሮቦቱ እንኳ ሥራ ላይ ነበር።

መዝጊያው ላይ ታዲያ መድረክ መሪው "በሁለቱም አዳራሽ አንድም ገለጻ ያላመለጣት ተሳታፊ!" ብሎ ጠራት። በሁለቱም! በተመሳሳይ ሰዓት! የተሰበሰበው ሁሉ የቴክኖሎጂ ምሁር ነው፣ አንድ ሰው ቆም ብሎ አላሰበም... ጭብጨባው ጣራ ሊያነሳ! አለቃችን ከወንበራቸው ተነስተው አጨበጨቡ። እኔና የሒሳብ ክፍሉ ተያየን፤ ያኔ ነው የገባን፤ ሳቅ ሊገድለን። እሷ ጃንጥላዎቿን ለሰው አስይዛ መድረክ ላይ ወጣች፣ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እኔ ብሆን መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

አለቃችንም እዚያው ወሰኑ። ነገ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ የጠፋ መረጃ እንዴት እንደሚመለስ እያሠራች ታሳያለች። መሥሪያ ቤታችን አዲስ የሚከፍተው የመረጃ ክፍል ኃላፊነትም ለሷ። አዎ፣ እኔ ያመለከትኩበት፣ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቦታ... ከፍቶኛል፣ አልዋሽሽም። ቤቴ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ለአለቃችን ልንገር ብልስ ምን ልል ነው? ያስነካሁት እኔ! በማግስቱ ግን ሳቄ መጣ፤ ይኸው እስካሁን አልቆመልኝም።

ትናንት ደግሞ በፍቅር መጣችልኝ። "ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ፣ ጥያቄ ሲከብድ ሹክ ትይኛለሽ።" ወይ ትህትና! ሁለት አዳራሽ የተማረች ሰው ከአንድ አዳራሽ ተማሪ ምን ትፈልጋለች? ላሳንሳት አልፈለግኩም... ለነገ ፈቃድ ወሰድኩ። የሒሳብ ክፍሉም ወስዷል፤ እናቱን ሐኪም ቤት ያደርሳል አሉ። እኔ? እኔማ ልተኛ ነው!

ሻዩ ጥሩ ነበር፣ እጅሽ ይባረክ። ልነሳ እንግዲህ። ለሷም... ሰማችኝም አልሰማችኝም ከልቤ ልመርቃት። ነገ አለቃችን ፊት ለፊቷ ይቀመጡላት። ጠያቂ ይብዛላት። መብራት አይጥፋባት። ከሁለቱም አዳራሽ የቀሰመችውን እውቀት ሁሉ፣ ቅንጣት ሳያስቀር፣ በአንደበቷ ያውጣላት... አሜን በይ እንጂ፣ ጮክ ብለሽ!