ልቤን አላስነካም ያሉት አናጢ

ጋሽ ውኃልክ የሚባሉት አናጢ የጠመመ ነገር አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። አንድ ጧት በአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ቆመው የእጅ መደገፊያውን እየነካኩ «ይሄ ደግሞ የማን እጅ ሥራ ነው?» ሲሉ፣ ላያቸው ሰው ሥራ ሊተቹ የቆሙ ይመስሉ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልባቸው እንደ ልማዷ ምቷን ስታ ስትራወጥ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። በዚህች ዘዴ ሚስታቸውን እንኳ ሸውደውባታል።

የዚያን ዕለት ግን ከላይ ስትወርድ ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት። ለሰላምታ የጨበጠችውን እጅ ሳትለቅ ጣቶቿን ወደ አንጓቸው አሳልፋ የልብ ምታቸውን ቆጠረች።

«አጎቴ፣ መደገፊያው ምንም አልሆነም። የታመሙት እርስዎ ነዎት።»

«እጄን ልቀቂ! ክኒን አለኝ፤ ሲነሳብኝ እውጣለሁ፣ ይተወኛል።»

«ሐኪሙ በየቀኑ ይዋጡ ያለዎትንስ?»

«ባልታመምኩበት ቀን ለምን እውጣለሁ? ያልተሰበረ ወንበር ማን ይጠግናል?»

ይህ የሰነፍ ስህተት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ሲጠግን የኖረ ሰው ስህተት ነው፤ ስለዚህም ለማረም ይከብዳል።

«እባክዎ ይቀመጡና ያዳምጡኝ» አለች። «ምቱ ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል፤ ሕመሙ ባልተሰማዎት ቀንም ቢሆን። የየቀኑ ክኒን ለዚህ ነው። ለዘለቄታው ደግሞ ሌላ ሕክምና አለ። ደረት አይከፈትም። በጭን የደም ሥር ቀጭን ሽቦ ያስገቡና ምቱን የሚያሳስተውን ቦታ በሙቀት ይተኩሱታል።»

«ልቤን? ለማንም አላስነካም! ልብ የአምላክ ሥራ ነው፤ የሰው መሮ አይገባበትም።»

«እንጨትስ የማን ሥራ ነው?»

ጋሽ ውኃልክ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። «ምላስሽ የእናትሽ ነው። እኔ ግን ጢሜ ሳይበቅል መጋዝ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው አሥሩም ጣቶቼ! በዚህ ዕድሜዬ ለሽቦ አልንበረከክም።»

«መንበርከክማ ይሄ ነው፤ ልብዎ ቁም ስትልዎ መቆም፣ ተቀመጥ ስትልዎ መቀመጥ። እኔ ብሆን አምፅባት ነበር። ደግሞስ የኤሌክትሪክ መጋዙ ላይ ሳሉ ቢያዞርዎት፣ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ የሚይዘው ማን ነው?»

ሌላውን ጫፍ የሚይዘው ልጃቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ዓይናቸው ብዥ ብሎ እጃቸው ሲላላ ሳንቃው ተፈናጥሮ፣ የመጋዙ ጥርስ የልጁን እጅጌ ቀዶት አልፏል። እሳቸው ደግሞ ከድንጋጤያቸው የተነሳ «እጅጌህን ሰብስብ አላልኩህም!» ብለው ጮኹበት፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ይህ ትዝ ሲላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አሉ በቁጣ። «ያድነኛል ብለሽስ ትምያለሽ?»

«አልምልም። ለሁሉም አይሆንም፤ የሚደገምላቸውም አሉ። መርምሮ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሳይሞክሩ መሸነፍ ግን የእርስዎ ጠባይ አይደለም።»

ሐኪሙም መርምሮ ይሆናል አለ። ዘመድ ይህን ሲሰማ «ልቡ የተነካ ሰው ምን ሰው ይሆናል?» እያለ ሊያስተዋቸው ተሰበሰበ። ጋሽ ውኃልክ በራፋቸው ላይ ቆመው «የምወድቅበትን ቀን ትጠብቁልኛላችሁ? እንግዲያው መንገድ ልቀቁ!» አሏቸውና ሄዱ።

ሕክምናው ቀናቸው። ምታቸው ተስተካከለ፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ፣ ሐኪሙ ይቀጥሉበት ያላቸውን ክኒንም ደህና በሆኑበት ቀን ጭምር ይውጣሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሕመምን መደበቅ ጀግንነት የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ዳፋው ግን አጠገባችን ለቆመው ይተርፋል።

ወደ ሥራ በተመለሱ ዕለት መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ልጃቸውን ጠሩት።

«ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።»

«አውቃለሁ አባባ። ሲያዞርዎት አይቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳያፍሩ ብዬ።»

ጋሽ ውኃልክ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ አክብሮት እንዳታከብረኝ! እጅህ ከክብሬ ይበልጣል። ሲያዞረኝ ካየህ መጋዙን አጥፋ፤ ብቆጣ አንተም ተቆጣኝ። ገባህ?»

«ገባኝ!» አለ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ አንገቱንም አልደፋም።