የአጣሪው ቤት ማጣሪያ

ግቢ ልጄ፣ ግቢ... በሩ ክፍት ነው። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ውጪው እንዴት ነው? ከመስኮት ሳየው አስፋልቱ የሚቀልጥ ነው የሚመስለው። ደረጃውም አድክሞሻል። ነይ እዚህ ጋ፣ ከኤሲው ፊት ለፊት አረፍ በይ። ተሰማሽ አየሩ? ሳብ አድርጊው እስኪ፣ አትፍሪ፤ ዛሬ የሚያስነጥስ ነገር የለውም።

ልሰናበትዎት ብለሽ ነዋ የመጣሽው። ተባረኪ፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው። ብቻ ሻንጣው እንዳያደናቅፍሽ። ቆንጆ ነው አይደል? እኔ አልገዛሁትም፣ ተገዝቶልኝ ነው። ሰው አማቱን ምን ያህል ቢያስብላት ነው ሳትጠይቀው ሻንጣ የሚገዛላት? ጎማም አለው... ነካ ካደረግሽው በራሱ ወደ በሩ ይሄዳል።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል ኮቴ ከሰማሽ አትደንግጪ፣ የቤቱ አባወራ ነው። የመኪና ቁልፍ ጠፍቶበት እየፈለገ ነው። ቁልፉ ጣቱ ላይ ነው፤ ሲያቃጭል አይሰማሽም? ይፈልግ እንግዲህ... እኔ የሰው ሥራ ውስጥ አልገባም። እኛ የራሳችንን እንጫወት።

አንዲት ወዳጅ አለችኝ። እኩያዬ ናት፣ ሩቅ ነው የምትኖረው፣ አታውቂያትም። እንደኔው ባሏ ሞቶባት ከልጇና ከልጇ ባል ጋር ትኖራለች። ይሄ ስለ ማንም አይደለም እንግዲህ... ሰው ሻይ እየጠጣ ስለ ሩቅ ሰው ቢያወራ ምን ነውር አለው?

ወዳጄ በአማች ታድላለች። እኔ ልሙት፣ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። አይጠጣ፣ አያመሽ፣ ድምፁን ከፍ አያደርግ። ሥራው ደግሞ የተከበረ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አጣሪ ነው። ሰው ተበደልኩ ብሎ አቤት ሲል፣ እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራው እሱ ነው። ስንቱን ጉዳይ አጣርቷል መሰለሽ። ቃሉ መሬት ጠብ አይልም። ጠብ ያለው ሌላ ነገር ነው... እሱን እደርስበታለሁ።

ታዲያ ይሄ ደግ ሰው ኤሲውን መጀመሪያ የገዛው ለራሱ መኝታ ቤት ነበር። በኋላ ያጓራል፣ እንቅልፍ ነሳኝ አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ነቅሎ ከአማቱ አልጋ በላይ ሰቀለላት። ለራሱ ድምፅ የሌለው አዲስ አስገባ። ክብር ማለት ይሄ ነው። እኔ... እሷ ማለቴ ነው፣ እሷ ምን ትበል? እጅህ ይባረክ አለችው።

ኤሲውን ደግሞ ማንም አይነካውም። ማሽን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ በርጩማ ይመጣል፣ ሚስቱ በርጩማውን ግጥም አድርጋ ትይዛለች፣ አማቱ ጨርቅ ታቀብላለች። ይወጣና ክዳኑን ይወለውለዋል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊትሽን እስክታዪበት ድረስ። ከዚያ ሽቶ ይቀበልና የማሽኑ አፍ ውስጥ ፊስ ፊስ ያደርግበታል። "ተጣራ" ይላል። ይወርድና ጉድጓድ ሲቆፍር የዋለ ይመስል እግሩን ሰቅሎ ይተኛል። አጣሪ ራሱ ተጣራ ካለ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

አንቺ ቤት ኤሲ አለ እንዴ? የለም መሰለኝ። እንግዲያው ልንገርሽ፣ ነገ ብትገዢ ይጠቅምሻል። ከዚያ ከሚወለወለው ክዳን ሥር ወንፊት የመሰለ ስስ መረብ አለ። ባለሙያዎቹ ፊልትሮ ይሉታል፣ እኛ ማጣሪያ እንለዋለን። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ በእሱ በኩል ነው የሚያሳልፈው። አቧራውን፣ ፀጉሩን፣ የብርድ ልብሱን ብናኝ ሁሉ እዚያ ያስቀረዋል። በወር አንዴ ሁለቴ አውጥተሽ በውሃ ካላጠብሽው ይደፈናል። ያ ሁሉ ቆሻሻ ተመልሶ አፍንጫሽ ላይ ነው። ምስኪን ነገር ነው ማጣሪያ፤ የሌላውን ጉድፍ ሲለቅም ይውላል፣ የራሱን ግን አያይም። ስለ ማሽኑ ነው እኮ የማወራሽ... ምነው ሳቅሽ?

አንድ ቀን ኤሲው ላይ ቀይ መብራት በራ። ወዳጄ ይሄ ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። "ጉልበቱ ነው እማማ፣ በደንብ እየሠራ ነው" አላት። አመነችው። ማሽን የሚያውቅ እሱ አይደል? በኋላ ዓይኗ ላይ እያበራ እንቅልፍ ሲከለክላት ብትነግረው፣ ቀልጠፍ ብሎ ቁስል ላይ የሚለጠፈውን ፕላስተር አምጥቶ መብራቱን ሸፈነላት። አቤት ርኅራኄ። እሱ "ተጣራ" ሲል ማሽኑም ለካ እጠቡኝ እያለ ሲጣራ ነው የከረመው። አቤት ባይ ማን እጅ ላይ እንደወደቀ አየሽ?

ከዚያ ነው ሳሉ የመጣው። ቀን ደህና ትውላለች፤ በሯን ዘግታ ኤሲውን ከፍታ ስትተኛ ይጀምራታል። ጠዋት ድምፅዋ የለም። ይህን የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? አንቺ ብትሆኚ ቀና ብለሽ ታያለሽ። አጣሪ ግን ዝም ብሎ ቀና አይልም ልጄ፣ ሥርዓት አለው። ትራሷን አሸተተ። ሹራቧን በረንዳ ላይ አራገፈ። የጉልበቷን ቅባት ክዳኑን ከፍቶ መረመረ። መስኮቷ ላይ የነበረችውን አበባ አስወጣ፤ አበባዋ ውጪ አምሮባታል አሉ፣ እሷ እንኳ ከዚያ ክፍል ወጥታ ተነፈሰች። የሟች ባሏን ፎቶ ሳይቀር ገልብጦ ከኋላው አየ። ይገርምሻል፣ የማያውቀው አማቱ ነው፤ ሞቶም አልቀረለት። ሁሉን አጣራ። ከራሱ በላይ ያለውን ብቻ አላየም። ከራሱ በላይ ምንም ነገር ያለ አይመስለውም ነበር።

በዚያ ሰሞን ክፍሏ ሲገባ ማስክ ያደርግ ጀመር፣ እንዳይተላለፍበት። አትፍረጂበት፣ ጥንቃቄ ነው። ለእሱ አፍ ማጣሪያ ተገኘ ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ውሳኔው ተነገረ። እርጅና ነው አለ። "እማማ፣ ለጤናዎ ብለን ነው፣ አየር ቢለውጡ ይሻላል።" አየር ቢለውጡ... ቃል ሲያውቅ እኮ። ይሂዱልኝ አላለም፣ አፉን ይቁረጠው። አየር ይለውጡ ነው ያለው። የሚለወጠው አየር ያለው ደግሞ የትንሹ ልጇ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ተጠጋግቶ የሚያድርበት፣ መስኮቱ መኪና ቀለም የሚቀቡበት ጋራዥ ላይ የሚከፈት። የቀለም ሽታ ለሳንባ ጥሩ መሆኑ ተጣርቶ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ልጇስ? ልጇ አቀረቀረች። ስንት ጊዜ በርጩማ የያዘ ሰው እጁ ቶሎ አይፈታም።

በማግስቱ ጋደም ብላ ሳለ በሜትር ክፍሉን ሲለካ አገኘችው። አልጋዋ ጋ ሲደርስ እንዳትነቃበት ትንፋሹን ይዟል። እሷም ደንግጣ ዓይኗን ጨፍና ተኛች፤ በቁሜ ሳጥን ሊያሠራልኝ ነው ብላ። ለካ ለጠረጴዛ ነው። ክፍሉን ቢሮ ሊያደርገው አስቦ ኖሯል፣ ቤቱም ውስጥ እያጣራ ሊያመሽ። ሰው ሥራውን ሲወድ እንዲህ ነው። ጠረጴዛውም ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ አልጋዋ ጎን፣ ኤሲው ሥር ቆመ። ስኒውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው ልጄ። ቢያንጠባጥብም ግድ የለም፣ እርጥበት ለምዷል።

ጠብ ያለ ነገር አለ ብዬሽ አልነበር? ማጣሪያው ሲደፈን ማሽኑም መተንፈስ ያቅተዋል። ውስጡ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይንጠባጠባል። አንድ ጠዋት ጠብ... ጠብ... አዲሱ ጠረጴዛ ላይ። የዚያን ቀን ሩጫ ብታዪ። አሮጊቷ ስትታፈን ስትከርም ያልተጠራ ባለሙያ፣ ጠረጴዛው ሲረጥብ ቁርስ ሳይደርስ መጣ። እውነቱን ነው እኮ፤ እንጨት ውሃ ሲነካው ያብጣል። ሰው ይችላል።

ባለሙያው የክዳኑን ጫፍ ጫን ሲያደርገው እንደ መስኮት ተከፈተ። "ይከፈታል እንዴ?" አለ አጣሪያችን... አጣሪያቸው ማለቴ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲወለውለው የኖረውን። ማጣሪያው ሲወጣ ምን ልበልሽ፣ መረቡ አይታይም። አመድማ ወፍራም ነገር ለብሷል፣ ቢፈተል ሹራብ ይወጣዋል። ሽቶውም ስለገባበት ይሸታል ደግሞ። ባለሙያው ሊያራግፈው ሲል ደጉ ሰው እጁን ያዘው። "እሱን እንዳትነካ፣ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ስፖንጅ ነው።" እኔ አፌን ይዤ... እሷ አፏን ይዛ ወደ ግድግዳ ዞረች። ብዙ ጊዜ ስትስል ስለኖረች ሳቋንም ሳል አስመሰለችው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ተወሰደና ውሃ ተለቀቀበት፣ ወለሉ ጠቆረ። ጥላ ላይ ደርቆ ተመለሰ፣ ፕላስተሩም ተላጠ፣ ቀዩም መብራት ጠፋ።

በነጋታው ጠዋት ልጇ እየሮጠች መጣች። ሳል ሳትሰማ ስላደረች እናቷ የሞተች መስሏት ነው። እሱም ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "እማማ፣ አሉ?" አላት። "አለሁ ልጄ" አለችው። ፊቱን ያየሽ እንደሆነ... ደስታ ነው ብልሽ እዋሻለሁ፣ ሐዘን ነው ብልሽ ደግሞ ነውር ነው።

እዚህ ጋ ስሚኝ። ይቅርታ በለኝ አላለችም። አጣሪ ይቅርታ መጠየቅ እንደማይወድ ታውቃለች። የፈለገችው አንድ ቃል ነው፤ "ይቆዩ" የሚል። ቁርስ ላይ ጠበቀች፣ ስለ ኳስ አወራ። ምሳ ላይ ጠበቀች፣ ጠረጴዛው በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ይመለስ እንደሆነ አወራ። ማታም ጠበቀች። ሰውየው ለእሷ የገዛው ሻንጣ ጎማ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ተኛ። ያኔ አለቀሰች ልጄ። ሳሉ ሲያፍናት ያላለቀሰች ሴት ያኔ አለቀሰች። ልጄ ነው እያለች ነው የኖረችው እኮ። ከወለደቻቸው ለይታ አታየውም ነበር።

...ቁልፉ ማቃጨሉን ተወው እንዴ? እሰይ፣ አግኝቶት ይሆናል።

ታዲያ ወዳጄ አልሄድም ብላ አስቸገረች? በፍጹም። የተመከረችውን የማትሰማ ሴት አይደለችም። ቁጭ ብላ ነገሩን አጣራች፣ ከሰው ጋር ስትኖር ይጋባል። ሂጂ ያላት ሰው የለም። አየር ለውጪ ነው የተባለችው። አየሩ ደግሞ ተለወጠ። በውሃ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ እዚያው አልጋዋ በላይ ተለወጠ። እንግዲህ ውሳኔው ተፈጽሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ትታዘዝ? ዕቃዋን ሊያጓጉዝ ለተቀጠረው ባለመኪና ደውላ አትድከም አለችው። ልብሷን ወደ ቁምሳጥኗ መለሰች። እስኪ ያን ሻንጣ ብድግ አድርጊው... አየሽ? ባዶ ነው። የእሷም እንደዚሁ ነው አሉ።

ማጣሪያውንም ከእንግዲህ እሷው ራሷ ልታጥበው ነው። በርጩማ ላይ ወጣች፣ በዚያ ጉልበቷ። ልጇ መጥታ በርጩማውን ያዘችላት። አጥብቃ ነው የያዘችላት።

ልትሄጂ ነው? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጡብሻል፣ አልይዝሽም። ብቻ ያን ሰውዬ አምቼው እንዳልቀር፤ ሰው አምቶ ሳይመርቁ መለያየት ደግ አይደለም። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ ገና ትንሽ ናት፣ ነፍሱ ናት። ፈጣሪ ያሳድግለት። ለእሱም ዕድሜ ይስጠው፤ ፀጉሩ እስኪነጣ፣ ጉልበቱ እስኪከዳው፣ አንድ ክፍልና አንድ አልጋ እስኪበቃው ያኑረው። ልጁም ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት፤ አባቷን ቁርጥ የሆነ ባል ይስጣት፣ እንደ እሱ ዝምተኛ፣ እንደ እሱ አሳቢ። እርጅናውንም እዚያ ቤት ያድርግለት፣ በዚያ አማቹ እጅ፣ እሱ አማቱን እንደያዘ ተይዞ። አሜን በይ እንጂ ልጄ... ምርቃት እኮ ነው።